የማላላን መጽሐፍ ከጥይቱ እንጀምረው? አንድ ክርና 19 ምላሾቹ

ክሩን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የከፈተችው አንዲት የንባብ ቡድን አስተባባሪ ናት። ከ14 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች የፓኪስታናዊቷን የልጃገረዶች ትምህርት ተሟጋች የማላላ ዩሱፍዛይን ግለ ታሪክ በአራት ክፍለ ጊዜ ልታስነብብ አስባለች። መጽሐፉ በአምስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን አንደኛው ክፍል ታሊባን ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ኑሮ ያወራል፤ ያደገችበት የስዋት ሸለቆ፣ የአባትየው ልጅነት፣ የትምህርት ቤቱ አመሠራረት፣ የወታደራዊው ገዥ የጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ዘመን፣ ማይዋንድ ላይ ከእንግሊዞች ጋር የተደረገ የድሮ ጦርነት። ልጆቹ በስም ብዛት ይሰለቻሉ ብላ ስለሰጋች ይህን ክፍል ዘልላ ማላላ በታሊባን ከተተኮሰባት ቀን፣ ከኦክቶበር 9 ቀን 2012 ልትጀምር ነው። መጽሐፉም ቢሆን መቅድሙን የሚከፍተው በዚያው ቀን ነው ስትል ለሐሳቧ ምስክር ጠርታለች። ጥያቄዋ ሁለት ነው፦ መዝለሉ ያስኬዳል ወይ? የትኛው እትም ይሻላል?

ምላሾቹን በቁጥራቸው ተራ አቀርባለሁ። ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምላሽ 1። ሰላምታ አስቀድሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ሁለት እትሞች አሉ። የመጀመሪያው ጥቃቱ ከተፈጸመ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2013 ወጣ፤ አብራ የጻፈችው እንግሊዛዊቷ ጋዜጠኛ ክርስቲና ላምብ ናት። ሁለተኛው በ2014 ለወጣት አንባቢዎች የተዘጋጀው ነው፤ አብራ የጻፈችውም ፓትሪሺያ ማኮርሚክ ናት። ይኼኛው አጠር ያለ ነው፤ ፖለቲካውም ተቀንሶለታል። መለያው ቀላል ነው፤ ሽፋኑ ላይ ከማላላ ስም ቀጥሎ የማን ስም እንዳለ ማየት። መላሹ አጥብቆ ያሳሰበው ሁለቱ እትሞች በአንድ ቡድን ውስጥ እንዳይደባለቁ ነው። የገጽም የምዕራፍም ቁጥራቸው ስለማይገጥም ገጽ 90ን ግለጡ ሲባል ግማሹ ልጅ ሌላ ቦታ ይገኛል። መደባለቁ የማይቀር ከሆነ ደግሞ የንባብ ድርሻውን በገጽ ሳይሆን በድርጊትና በቀን መስጠት ነው፤ ለምሳሌ ከመሬት መንቀጥቀጡ እስከ ትምህርት ቤቶቹ መዘጋት።

ምላሽ 2። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብሎ ይጀምርና መዝለሉን በትሕትና ይቃወማል። የመጀመሪያው ክፍል ቢዘለል የሚጠፋው ትምህርት ቤቱ ነው። አባትየው ዚያውዲን ዩሱፍዛይ በሚንጎራ ከተማ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት የነበሩት ተማሪዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። መምህሩም፣ ሒሳብ ያዡም፣ ርዕሰ መምህሩም እሱ ነበር፤ ወለል ይጠርጋል፣ ግድግዳ ኖራ ይቀባል፣ ከፍታ እየፈራ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጥቶ ማስታወቂያ ይሰቅላል። የትምህርት ቤቱንም ስም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የፓሽቱን (የቤተሰቡ ብሔረሰብ) ባለቅኔና ተዋጊ ከኹሻል ኻን ኻታክ ወሰደ። ማላላ ገና ሳትናገር ክፍል ለክፍል እየዞረች ነው ያደገችው። መላሹ የሚለው ይህን ሳያውቁ ታሊባን በኋላ ያወጣውን የትምህርት ቤት መዝጊያ ትእዛዝ ያነበቡ ልጆች ነገሩን ሩቅ ያለ መንግሥታዊ ሕንፃ ላይ እንደደረሰ ይቆጥሩታል፤ የቤተሰቡ እንጀራም አብሮ እንደተዘጋ አይታያቸውም።

ስለ ዘር ሐረጉም አስታውሷል። አንድ ዘመድ ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ የቤተሰብ ሐረግ ይዞ መጣ፤ በሐረጉ ላይ የሴት ስም አልነበረም። አባትየው ከራሱ ስም ሥር መስመር ስቦ ጫፉ ላይ ማላላ ብሎ ጻፈ። መላሹ እንደሚለው ይህ አንቀጽ ካልተነበበ የመጽሐፉ ግማሽ አልተነበበም። ትንሽ አጋኗል፤ ግማሽ ባይሆንም ብዙ ነው።

ምላሽ 3። በሁለት መስመር ከከፋቿ ጋር ይስማማል። የዘር ሐረጉ ጥሩ ነው፤ ስለ ማይዋንድ ጦርነትና ስለ ጄኔራሎቹ የተጻፈው ግን ለምዕራብ አንባቢ የተጨመረ ጌጥ ነው፤ ይቆረጥ።

ምላሽ 4። ጌጥ የሚለው ቃል አስቆጥቶታል፤ ቢሆንም ራሱን ይዟል። የማይዋንድ ጦርነት ጁላይ 27 ቀን 1880 በሁለተኛው የእንግሊዝና የአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ የተካሄደ ነው። ፓሽቱኖች እንደሚተርኩት ማላላይ የተባለች ልጃገረድ የሚሸሹትን ወገኖቿን በግጥም መልሳ እዚያው ወደቀች። ዚያውዲን ልጁን የሰየማት በእሷ ነው። በወንድ ልጅ መወለድ ጥይት በሚተኮስበት አገር ለሴት ልጅ የጦር ሜዳ ጀግና ስም ማውጣት ራሱ አቋም ነው ይላል መላሹ። ለምላሽ 3 የሰጠው ምክር ግማሽ ገጹን አንብቦ መናገር ይሻላል የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ትንሽ ሻከረ።

ምላሽ 5። ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ ጊዜ የሌለው አንባቢ ይህን ብቻ ቢያነብ አይጎዳም። ክርክሩን ትቶ አንድ ነገር ያሳያል፦ በስዋት የሴት ልጆች ትምህርት የተዘጋው በደረጃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎችም የሚገኙት ከፋቿ ልትዘልለው ባሰበችው ክፍል ውስጥ ነው።

አንደኛው ደረጃ በ7ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የሚኖር አንድ ሙፍቲ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይዞ ይመጣል፤ ሴት ልጆች ወንዶች በሚገቡበት በር መግባታቸው ነውር ነው፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ይላል። ያኔ ታሊባን በስዋት የለም፤ መሣሪያ የያዘም የለም። ነገሩ ያለቀው ከፍ ያሉት ልጃገረዶች በሌላ በር እንዲገቡ በመስማማት ነው። መላሹ ይህን ስምምነት አስተውሉት ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ቀረ፣ ልጃገረዶቹ ግን ከዋናው በር ተነሡ።

ሁለተኛው በ8ኛው ምዕራፍ ነው፤ ኦክቶበር 8 ቀን 2005 የደረሰው መጠኑ 7.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ። ከ70 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። መንግሥት ሲዘገይ የሃይማኖት ቡድኖች ቀድመው ደረሱ፤ ፍርስራሽ አነሡ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ሰበሰቡ፤ ሰባኪዎቹም መዓቱ የመጣው በኃጢአታችን ነው እያሉ አስተማሩ። ሰሚ ጆሮ የተዘጋጀው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሬዲዮው ነው፤ ሁለተኛው ክፍል በዚህ ይጀምራል። የአካባቢው ሰባኪ ማውላና ፋዝሉላህ በኤፍ ኤም ጣቢያው መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ስለ ዉዱእ (ከስግደት በፊት ያለው መታጠብ) አደራረግ፣ ሲጋራና ሐሺሽ ስለ መተው ነበር። ሴቶች ወደዱት፤ የወርቅ ጌጣቸውን አውጥተው የሰጡትም ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ቴሌቪዥንና ሲዲ፣ ከዚያ የፖሊዮ ክትባት ተወገዘ። ከዚያ ትምህርት ያቋረጡ ልጃገረዶችን በስም እየጠራ ማመስገን ጀመረ። መላሹ ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው ይላል፤ እገሌ የምትባል የእገሌ ልጅ ትምህርቷን ስላቆመች ደስ ብሎናል የሚለውን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፤ ልጁን ማስተማር የቀጠለው አባትም ስሙ ሳይጠራ ተነቀፈ።

አራተኛው ጠመንጃው ነው። በጁላይ 2007 ጦሩ ኢስላማባድ ያለውን ቀይ መስጊድ ካጠቃ በኋላ ፋዝሉላህ በመንግሥት ላይ ጦርነት አወጀ። በዲሴምበር 2007 የፓኪስታን ታሊባን፣ ማለትም ቴህሪክ ኢ ታሊባን ፓኪስታን፣ ሲመሠረት በስዋት መሪው እሱ ሆነ። በ2008 ትምህርት ቤቶች ይፈነዱ ጀመር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ሕንፃው ባዶ ሳለ። በዓመቱ መጨረሻ ከጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ጀምሮ ማንም ሴት ልጅ ትምህርት ቤት እንዳትሄድ በሬዲዮ ታወጀ።

አምስተኛው ግማሽ ፈቃድ ነው። በፌብሩዋሪ 2009 የክልሉ መንግሥት ከታጣቂዎቹ ጋር ስምምነት አደረገ፤ ሴት ልጆች እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ እንዲማሩ ተፈቀደ። ማላላ 11 ዓመቷ ስለነበር እሷና ጓደኞቿ የትንንሾቹ ክፍል ተማሪ መስለው፣ ዩኒፎርሙን ትተው ተራ ልብስ ለብሰው፣ መጽሐፋቸውን ሻል ሥር ደብቀው ይሄዱ ነበር። ሰላሙ አልቆየም። በሜይ ጦሩ ዘመቻ ጀመረ፤ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፤ የማላላ ቤተሰብም ሦስት ወር ገደማ ከቤቱ ውጭ ኖረ።

የመላሹ ምክር አምስቱን ደረጃ በአንድ ወረቀት ጽፎ ማደል፣ በእያንዳንዱ ሥር ደግሞ በዚያ ጊዜ ነገሩን ማቆም ይችል የነበረው ማን ነው የሚል ክፍት ቦታ መተው ነው። ልጆቹ ሲያነቡ ይሙሉት። በአንደኛው ደረጃ ሥር ብዙ ስም ይጻፋል፤ በአራተኛው ሥር የሚጻፈው ጦር ሠራዊት ብቻ ይሆናል።

ምላሽ 6። የፈረሱት ትምህርት ቤቶች ስንት ናቸው ይላል፤ 200 የሚልም 400 የሚልም አይቷል።

ምላሽ 7። ለምላሽ 6 ባጭሩ ይመልሳል። የቁጥሩ ልዩነት የሚመጣው ቆጠራው በተለያየ ወር ስለተደረገና አንዳንዱ የፈረሰውን ብቻ፣ ሌላው የተጎዳውንም ስለሚደምር ነው። ማላላ በኖቤል ንግግሯ ከ400 በላይ ብላለች። ከዚያ ማላላ በልጅነቷ ወዳወጣችው ዕለት ማስታወሻ ይሻገራል፤ ብዙ አንባቢ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይመስለዋልና። ማስታወሻው በቢቢሲ የኡርዱ ድረ ገጽ ላይ ከጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ጀምሮ ጉል መካይ በሚል የብዕር ስም ወጣ። ጋዜጠኛው አብዱል ሐይ ካካር ማላላን የሚያነጋግራት የራሱ ስልክ ተጠልፏል ብሎ ስለሚጠረጥር በሚስቱ ስልክ ነበር፤ እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፈዋል። ስለዚህ ማስታወሻው ከመነሻው የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ለሚፈልግ ደግሞ ማስታወሻው የ11 ዓመት ልጅ ድምፅ መሆኑን፣ መጽሐፉ ግን በ16 ዓመቷ ወደ ኋላ ዞራ ያየችው መሆኑን እንዲያስታውስ ይመክራል።

ምላሽ 8። እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። የሁለት ሰው ሥራ የሚለውን ይዞ መጽሐፉም ማስታወሻውም የምዕራባውያን ድርሰት ነው ይላል። መጽሐፉን የገዛ አገሯ ፓኪስታን ከልክላዋለች፤ አደጋውም ተውኔት ነው የሚሉ አሉ፤ ለልጆች ይህን ማስነበብ ፕሮፓጋንዳ መጋት ነው።

ምላሽ 9። በቁጣ የተጻፈ ነው፤ መረጃው ግን በሥርዓት የተደረደረ ነው። የፓኪስታን መንግሥት መጽሐፉን አልከለከለም። በኖቬምበር 2013 ከትምህርት ቤቶቹ ያገደው የግል ትምህርት ቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ብዙ ሙስሊሞችን ያስቆጣ መጽሐፍ ስለጻፈው ስለ ደራሲው ሰልማን ሩሽዲ የተጻፈው ክፍል ነው፤ ሌላው የነቢዩ ስም ሲጠራ የሚከተለው የሰላም ቃል አለመጻፉ ነው። የሩሽዲውን ክፍል ያነበበ ሰው ግን አባትየው ያን መጽሐፍ አስቀያሚ እንደሆነ አምኖ መልሱ ሌላ መጽሐፍ መጻፍ ነው እንዳለ ያገኘዋል። በጃንዋሪ 2014 ደግሞ በፔሻዋር ዩኒቨርሲቲ ሊደረግ የነበረው የመጽሐፉ ምረቃ በክልሉ ባለሥልጣናት ጫና ተሰረዘ። እገዳውና ጫናው እውነት ናቸው፤ አገር ከለከለ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ተውኔቱ የመለሰው ሦስት ነጥብ ነው። ማላላ በተተኮሰባት የትምህርት ቤት መኪና ውስጥ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ቆስለዋል። የፓኪስታን ታሊባን ጥቃቱን እኔ ነኝ የፈጸምኩት ብሎ በይፋ ኃላፊነት ወስዷል። በጁላይ 2013 ደግሞ አድናን ረሺድ የተባለ የቡድኑ አዛዥ ለማላላ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ የተተኮሰባት በቡድኑ ላይ ስለተናገረች እንደሆነ አስረድቷል። ተኳሹ የሚያምነውን ተመልካቹ ከካደ ምን ይደረጋል ብሎ ይዘጋል። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ባትኖር ምላሹ ይበልጥ ይጠነክር ነበር፤ ክሩን ከንባብ ወደ ጠብ ልትወስደው ትንሽ ነው የቀራት።

ምላሽ 10። ነገሩን አብርዶ ከምላሽ 8 ውስጥ አንዲት ተገቢ ጥያቄ ያወጣል፤ አብሮ የተጻፈ ግለ ታሪክ እንዴት ይነበባል? የላምብ ስም ሽፋኑ ላይ ስላለ የተደበቀ ነገር የለም። አንባቢው ማድረግ ያለበት እያንዳንዱን አንቀጽ ምንጩ ማን ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ ነው። ሦስት ቀለም እርሳስ ይበቃል። በአንዱ ማላላ ራሷ ያየችውንና የሰማችውን ማስመር፤ በሁለተኛው ሌሎች የነገሯትን፣ ለምሳሌ የአባቷን ልጅነት፤ በሦስተኛው ከታሪክ መጽሐፍና ከጋዜጣ የመጣውን፣ ለምሳሌ ስዋት በ1969 ከፓኪስታን ጋር ስለ መቀላቀሏ። ሁለተኛው ቀለም የሚነግሠው አራተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ማላላ ከተመታችበት ሰዓት ጀምሮ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም እስክትነቃ ድረስ ራሷን አታውቅም፤ እዚያ ያለው ሁሉ ከወላጆቿና ከሐኪሞቹ የተሰበሰበ ነው። በዚህ ሥራ የሚበላሸው አንድ ነገር አለ፦ ልጆች ሦስተኛውን ቀለም ሲያዩ ይህ የእሷ አይደለም ብለው ይጥሉታል። ያኔ መሪው ጣልቃ ገብቶ ምንጩ ሌላ መሆኑ ሐሰት እንደማያደርገው ማሳየት አለበት።

ምላሽ 11። ትንሽ እርማት። የሦስተኛው ክፍል ርዕስ ሦስት ልጃገረዶችና ሦስት ጥይቶችን ስለሚጠቅስ ብዙ ሰው ሦስቱም ማላላን የመቷት ይመስለዋል። የመታት አንድ ነው። መኪናውም ትልቅ አውቶቡስ አልነበረም፤ ሦስት ረድፍ አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ነጭ ቶዮታ ነበር፤ በውስጡ ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶችና ሦስት መምህራን ተጣበው ነበር። ከፈተና እየተመለሱ ነው። ቤቷ ሩቅ ሆኖ አይደለም በመኪና የምትሄደው፤ ብቻዋን በእግሯ ስትመላለስ እናቷ ስለሰጋች ነው።

ምላሽ 12። ሕክምናው ለልጆች ከመነበቡ በፊት መሪዋ ልታውቀው ይገባል ብሎ በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል። ጥይቱ በግራ ዓይኗ አጠገብ ገብቶ ወደ ትከሻዋ ወረደ፤ አንጎሏን ባይሰነጥቅም የአጥንት ስብርባሪ ጎድቶት አበጠ። ፔሻዋር በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ኮሎኔል ጁናይድ ኻን እብጠቱ ቦታ እንዲያገኝ የራስ ቅሏን ቁራጭ አነሣ፤ ቁራጩ ሆዷ ላይ ከቆዳ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ራዋልፒንዲ፣ ኦክቶበር 15 ቀን ደግሞ ወደ በርሚንግሃም ተወሰደች፤ በማግስቱ ነቃች። በፌብሩዋሪ 2013 በራስ ቅሏ ክፍተት ላይ የታይታኒየም ሳህን ተገጠመ፤ ለግራ ጆሮዋም የመስሚያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ተተከለላት። ከቆዳ ሥር የተቀመጠው አጥንት ታዳጊዎችን ሁሉ ያስጠይቃል፤ አጥንቱ እንዳይበላሽ በሰውነት ውስጥ ማቆየት የታወቀ ዘዴ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ድንጋጤውን ይቀንሳል።

ምላሽ 13። ከርዕሱ ወጣ ብሎ የኖቤል ሽልማቱን ያነሣል። በ2014 የሰላም ሽልማቱን የወሰደችው ከሕንዳዊው የሕፃናት መብት ተሟጋች ከካይላሽ ሳትያርቲ ጋር ነው፤ 17 ዓመቷ ነበር፤ ከእሷ በፊት በዚያ ዕድሜ የተሸለመ የለም። ከሽልማቱ ገንዘብ በቤተሰቧ የትውልድ አካባቢ በሻንግላ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተሠርቶ በ2018 ተከፈተ። መጽሐፉ ከሽልማቱ በፊት የወጣ ስለሆነ ይህ አይገኝበትም።

ምላሽ 14። ሌላ ጎን ይዞ ይመጣል፣ በቁጣ አፋፍ ላይ ሆኖ። ትምህርት መብት ነው እያለ የሚሟገተው አባትየው ከወላጅ ክፍያ የሚሰበስብ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት አይደለም ወይ? ጥያቄውን ወርውሮ አልሄደም፤ ሕጉን ዘርዝሯል። በ2010 የጸደቀው 18ኛው የፓኪስታን ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንቀጽ 25-ሀን ጨመረ፤ መንግሥት ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሁሉ ነፃና አስገዳጅ ትምህርት የመስጠት ግዴታ አለበት። ያው ማሻሻያ ትምህርትን ለክልሎች ስላስተላለፈ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ሕግ ማውጣት ነበረበት። የሲንድ ክልል በ2013 አወጣ፤ የስዋት ክልል የሆነው ኸይበር ፓክቱንክዋ ያወጣው በ2017 ነው። ዩኒሴፍ ለዓመታት ሲጠቅሰው የነበረው ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉ ልጆች ቁጥር 22.8 ሚሊዮን ነው።

ሕጉ ኖሮ ልጃገረዶች የሚቀሩበትን ምክንያትም በተግባር ያስረዳል። የአንደኛ ደረጃ እስከ 5ኛ ክፍል ነው፤ መካከለኛው ከ6 እስከ 8፣ ከዚያ እስከ 10ኛ ክፍል ማትሪክ ይከተላል። የገጠር መንደር የአንደኛ ደረጃ ሊኖረው ይችላል፤ የሴቶች መካከለኛ ትምህርት ቤት ግን ሌላ መንደር ነው። ርቀቱ ሲጨምርና ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ከዚያ አጥር አለው ወይ፣ መጸዳጃ ቤት አለው ወይ፣ የሴት መምህር አለችው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይወስናሉ፤ አንዱ ከጎደለ ብዙ ወላጅ ልጁን ያስቀራል። ደመወዝ እየተከፈለባቸው ተማሪ የሌለባቸው፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኙ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ይህን ሁሉ ታሊባን አላመጣውም ይላል መላሹ፤ መጽሐፉም ቢሆን በ6ኛው ምዕራፍ ቆሻሻ ክምር ላይ ብረትና ወረቀት ሲለቅሙ የሚውሉትን ልጆች አሳይቶ አልፏል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ከምላሽ 5 ቀጥሎ የክሩ ቁም ነገር ነው፤ ስለ አባትየው የተናገረው ግን ሚዛን የሳተ ነው። በዚያው 6ኛ ምዕራፍ ማላላ ለእነዚያ ልጆች ነፃ ቦታ እንዲሰጥ አባቷን ስትለምን ይነበባል፤ እሱም ያለ ክፍያ የሚቀበላቸው ልጆች ነበሩት።

ምላሽ 15። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው። ስለ ግል ትምህርት ቤቶች የሚደረገው ክርክር ሌላ ክር ይከፈትለት፤ ወደ ንባቡ እንመለስ፤ ምላሽ 8 እና 9 አንደበታቸውን ይግቱ።

ምላሽ 16። ትእዛዙን አክብሮ ስለዚህ መጽሐፍ በሚደረግ ውይይት ሁሌ የሚደጋገሙ ስሕተቶችን ያነሣል። የመጀመሪያው ታሊባንን ሁሉ አንድ ማድረግ ነው። አፍጋኒስታንን እስከ 2001 የገዛው የሙላህ ዑመር ታሊባንና በስዋት የነበረው የፓኪስታን ታሊባን ዝምድና ቢኖራቸውም አመራራቸው የተለያየ ነው። ፋዝሉላህ ራሱ መጽሐፉ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 2013፣ የፓኪስታኑ ቡድን ጠቅላላ መሪ ሆነ፤ በጁን 2018 አፍጋኒስታን ውስጥ በኩናር ተገደለ። ሁለተኛው ስሕተት ስዋትን ከጥንት ትምህርት የማያውቅ ጨለማ አገር አድርጎ መሣል ነው። ስዋት የራሷ ገዥ፣ ዋሊ፣ ሳላት ዋሊው ለወንድም ለሴትም ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር፤ ዚያውዲን የተማረበት የጃሃንዜብ ኮሌጅ የተቋቋመው በ1952 ነው። ታሊባን ያፈረሰው የነበረን ነገር ነው፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ነው። ሦስተኛው እናትየዋን መርሳት ነው። ቶር ፔካይ በልጅነቷ ትምህርት ጀምራ ወዲያው ትታለች፤ ማላላ በተተኮሰባት ቀን ማንበብና መጻፍ ልትማር የመጀመሪያ ትምህርቷ ላይ ነበረች።

ምላሽ 17። ተኳሾቹስ ምን ሆኑ ለሚሉ ልጆች መልስ ይሰጣል፤ መጽሐፉ ላይ ስለሌለ። በሴፕቴምበር 2014 ጦሩ አሥር ሰው መያዙን አስታወቀ። በኤፕሪል 2015 አሥሩም 25 ዓመት እንደተፈረደባቸው ተነገረ። በጁን ግን የተፈረደባቸው ሁለት ብቻ እንደሆኑና ስምንቱ በነፃ እንደተለቀቁ ታወቀ፤ ችሎቱ ዝግ ስለነበር የመጀመሪያው ዜና ለወራት እንደ እውነት ሲዞር ቆየ። የድሮ ጽሑፍ የሚጠቅስ ሰው አሁንም አሥር ይላል።

ምላሽ 18። ከፋቿ ተመለሰች። ሐሳቧን በከፊል ይዛ በከፊል ለውጣለች፤ ለማይዋንድ ግን አልተንበረከከችም፤ ግማሽ ገጽ ጽፋ ልታድል ነው፤ የጄኔራሎቹንም ታሪክ እንዲሁ። አዲሱ እቅዷ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአንደኛው ክፍል አምስት ቦታ፦ ልደቷና የዘር ሐረጉ፣ የትምህርት ቤቱ አመሠራረት፣ የቆሻሻ ክምሩ ልጆች፣ ሙፍቲው፣ የመሬት መንቀጥቀጡ። በሁለተኛው ቀን ከሬዲዮው እስከ መፈናቀሉ፣ ከምላሽ 5 ወረቀት ጋር። በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል፣ ከምላሽ 10 እርሳሶች ጋር። በአራተኛው ቀን የበርሚንግሃሙ ክፍል፣ የመጽሐፉ እገዳና አንቀጽ 25-ሀ። እትሙን በተመለከተ የ2014ቱን ለልጆቹ ትሰጣለች፤ የ2013ቱን እሷ ትይዛለች፤ ምክንያቱም ፖለቲካው ሳይቀነስ የሚገኘው በእሱ ነው። ምላሽ 3ን አመስግና ምላሽ 8ን በዝምታ አልፋዋለች።

ምላሽ 19። በእቅዱ ላይ አንድ ቀዳዳ አይቷል። መቅድሙ የተተኮሰባትን ቀን ስለሚተርክ መጽሐፉ ቀድሞ ከታደለ ልጆቹ ቤት ሄደው መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው፤ ስብሰባው ላይም ስለ ሙፍቲው ሲጠየቁ ስለ ጥይቱ ይመልሳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ሳያድሉ አምስቱን ቦታዎች ጮክ ብሎ ማንበብ፣ መጽሐፉን በቀኑ መጨረሻ መስጠት። ጊዜውንም አስልቶታል፤ ለአምስቱ ቦታ በአንድ ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ገጽ ተመርጦ ቢነበብ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚህ ከረዘመ የሚቀነሰው ከትምህርት ቤቱ አመሠራረት ላይ ነው እንጂ ከሙፍቲው ላይ አይደለም።